ከባለቀለም ፎቶ ላይ ኖይዝ ማንሣት፣ ዝርዝሩን ሳይነኩ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1፦ ፎቶዎቹ

የሙከራው ትዕይንት ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል፦ ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ የሱፍ ጨርቅ፣ ግራጫ ወረቀት፣ ጸጉረ ረጅም ብሩሽ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ ገጽ፣ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ የተጋጠሙበት ስፌት፣ ብርሃን በደንብ የማይደርሰው ጥግ። ወረቀቱ ኖይዙን፣ ማለትም ፒክስሎቹ ላይ በዘፈቀደ የሚታየውን መዋዠቅ፣ ለመለካት ነው። ሽመናው እውነተኛ ዝርዝር ሆኖ ሳለ ኖይዝ ይመስላል፤ ማጣሪያ የሚሳሳተውም እዚያ ነው። ፊደሉ ጠርዝን ይፈትናል፣ ስፌቱ ቀለም ወደ ቀለም መፍሰሱን ያጋልጣል፣ ጥጉ ደግሞ ኖይዙ ከሁሉ የሚከፋበት ቦታ ነው።

ካሜራው ትራይፖድ ላይ፣ ባለ 24 ሜጋፒክስል ሴንሰር፣ አይኤስኦ 6400፣ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) በ14 ቢት፣ ፎከስና ኤክስፖዠር በእጅ ተቆልፈው፣ በጠቅላላው 17 ፍሬም። የ16ቱ አማካይ ማመሳከሪያ ይሆናል። ኖይዝ የሚቀንሰው በፍሬሞቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ስለሆነ በ16 ፍሬም ወደ ሩብ ይወርዳል። ኖይዙ የሚነሣለት 17ኛው ነው። ከ16ቱ አንዱን መልሶ መፈተን አይገባም፤ የራሱ ኖይዝ አማካዩ ውስጥ ስላለ ውጤቱ ከእውነቱ የተሻለ መስሎ ይታያል።

ሻተሩ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ50 ኸርዝ መስመር የሚሠራ መብራት በሴኮንድ 100 ጊዜ ይዋዥቃል፤ ስለዚህ የሻተሩ ጊዜ የአንድ መዋዠቅ ጊዜ ሙሉ ብዜት፣ ለምሳሌ 1/50 ወይም 1/25 ሴኮንድ፣ መሆን አለበት። በ60 ኸርዝ 1/60 ወይም 1/30። ከመዋዠቁ ጋር ካልገጠመ ፍሬሞቹ በብርሃን ይለያያሉ፣ ልዩነቱም በማግስቱ ልኬት ላይ ኖይዝ መስሎ ይገባል።

ቀን 2፦ መለካት

የማጣሪያው ጉልበት በዓይን ግምት ከተመረጠ አንዱ ፎቶ ላይ ያማረው ሌላው ላይ ይበላሻል። ስለዚህ ከማጣራት በፊት ሲግማን፣ ማለትም የኖይዙን ስታንዳርድ ዴቪየሽን፣ ማወቅ ግድ ነው። የተጠቀምንበት መንገድ ቀላል ነው፦ ሁለት ፍሬም ወስዶ አንዱን ከሌላው መቀነስ፣ የልዩነቱን ስታንዳርድ ዴቪየሽን ማስላት፣ ለ1.414 ማካፈል (የ2 ስኩዌር ሩት ነው፤ ልዩነቱ የሁለት ፍሬም ኖይዝ ስለያዘ)። ሲቀናነሱ ጨርቁም፣ የመብራቱ ጥላም፣ የወረቀቱ ሸካራነትም ይጠፋል፤ የሚቀረው ኖይዝ ብቻ ነው። በአንድ ፍሬም ላይ ቢለካ የወረቀቱ ቃጫ ራሱ ኖይዝ ተብሎ ይቆጠራል።

ልኬቱ በአንድ ቦታ አይበቃም። ወረቀቱ በብርሃን ከሚታጠብበት እስከ ጥላው ድረስ በ12 ቦታ ተለክቶ፣ የእያንዳንዱ ቦታ ቫሪያንስ (የሲግማ ካሬ) ከአማካይ ብርሃኑ ጋር በግራፍ ላይ ሲቀመጥ ቀጥ ያለ መስመር ወጣ። መሆን ያለበትም ይኸው ነው። ብርሃን በፎቶን ስለሚመጣ የፎቶን ኖይዝ ቫሪያንስ ከብርሃኑ ጋር እኩል ያድጋል፤ በዚያ ላይ ሴንሰሩ ሲነበብ የሚጨመረው ኖይዝ ቋሚ ነው። የእኛ መስመር ተዳፋቱ 5፣ መነሻው 225 ሆነ። ጥቁር ወለሉ (ብርሃን ሳይኖር ሴንሰሩ የሚሰጠው ቁጥር) ከተቀነሰ በኋላ ደረጃው (የፒክስሉ የብርሃን ቁጥር) 200 የሆነ ቦታ ቫሪያንሱ 5 ጊዜ 200 ሲደመር 225፣ ማለትም 1225 ነው፤ ሲግማው 35። ደረጃው 2000 በሆነው ቦታ ሲግማው 101 ገደማ ነው። በቁጥር ሲታይ ብርሃኑ ላይ ይበልጣል። በድርሻ ግን ጥላው ውስጥ 17.5 በመቶ፣ ብርሃኑ ላይ 5 በመቶ ነው። ዓይን የሚያየው ድርሻውን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ወለሉ ሲቀነስ ከዜሮ በታች የሚወርዱ ፒክስሎች ይኖራሉ። እነሱን ወደ ዜሮ መቁረጥ የኖይዙን የታች ግማሽ ብቻ ያጠፋል፤ አማካዩም ወደ ላይ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሞቹን የሚያመጣጥነው) ቀዩንና ሰማያዊውን ከአረንጓዴው አብልጦ ስለሚያባዛ ጥቁሩ ጥግ ወይን ጠጅ ይሆናል። ያን ከለር በኋላ በቀለም ማስተካከያ ለማንሣት መታገል ትርፉ ድካም ነው። መፍትሔው ሥራውን ሁሉ በፍሎት (በአስርዮሽ ቁጥር) ይዞ አሉታዊውን ቁጥር እስከ መጨረሻው ሳይቆርጡ መሄድ ነው።

ቀን 3፦ ሆት ፒክስል

በሌንሱ ክዳን ተሸፍኖ በተነሣ ፍሬም ላይ ቦታቸውን የማይለቁ የሚያበሩ ነጥቦች ይታያሉ። ሆት ፒክስል የሚባሉት እነዚህ ናቸው፤ መወገድ ያለባቸውም ከዲሞዛይክ (ከሴንሰሩ ባለ አንድ ቀለም ፒክስሎች ሙሉ ባለቀለም ምስል ከማውጣት) በፊት ነው። ሴንሰሩ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚያየው፤ ከአራቱ ሁለቱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ። ዲሞዛይክ የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ሲሞላ አንዷን ነጥብ ወደ ባለቀለም መስቀል ያሰፋታል። ከዚያ በኋላ ማንሣቱ አስቸጋሪ ነው።

የተጠቀምንበት ደንብ፦ ፒክስሉን በዙሪያው ካሉት 8 የራሱ ቀለም ጎረቤቶች ጋር ማወዳደር (ሁለት ፒክስል ራቅ ብለው ነው ያሉት)፤ ከሁሉም ከፍተኛውን በ4 ሲግማ ከበለጠ በሚዲያናቸው (በመጠን ሲደረደሩ መሐል ላይ በሚውለው ዋጋ) መተካት። ሲግማው ከቀን 2 መስመር በፒክስሉ ብርሃን ልክ ይሰላል። ወሰኑ ወደ 2 ሲግማ ሲወርድ የብሩሹ ጸጉር ላይ ያለው ብልጭታ አብሮ ተበላ፤ ወደ 4 ተመለሰ።

ሚዲያንን በመላው ምስል ላይ ማስኬድ ግን አይደረግም። ለምን እንደሆነ 9 ፒክስል ይበቃል። 60 በሆነ መደብ ላይ አንድ ፒክስል የምትሰፋ 180 የሆነች ቀጥ ያለ መስመር ትለፍ። በ3 በ3 መስኮት ውስጥ ስድስት 60ና ሦስት 180 አለ። ሲደረደሩ አምስተኛው 60 ነው። መስመሯ ሙሉ በሙሉ ጠፋች፤ አልደበዘዘችም፣ ጠፋች። ጸጉርና ፊደል የተሠሩት ከእንዲህ ዓይነት መስመር ነው።

ቀን 4፦ ኖይዙን አንድ ወጥ ማድረግ

ማጣሪያዎቹ ሁሉ አንድ ሲግማ ነው የሚጠይቁት፣ የእኛ ግን ከ35 እስከ 101ና ከዚያም በላይ ይለያያል። አንድ ቁጥር ቢሰጣቸው ወይ ጥላው አይጠራም ወይ ብርሃኑ ይታጠባል። ለዚህ ፍራንሲስ አንስኮም በ1948 ያሳተመው ለውጥ አለ፤ ለካሜራ በሚስማማው ቅርጹ እንዲህ ይሠራል፦ ደረጃውን ለተዳፋቱ ማካፈል (ለ5)፣ 0.375 መደመር፣ የንባቡን ኖይዝ ቫሪያንስ በኤሌክትሮን መደመር (225 ለ25፣ ማለትም 9)፣ ስኩዌር ሩቱን ወስዶ በ2 ማባዛት።

ደረጃው 200 የሆነው ቦታ 14.05 ይሆናል፤ 2000 የሆነው 40.47። የሁለቱም ሲግማ አሁን 1 ነው። በልዩነት ፍሬሙ ላይ በድጋሚ ሲለካ ከጥግ እስከ ጥግ 1 ገደማ ከሆነ ተዳፋቱና መነሻው ትክክል ናቸው። ጥላው ላይ ብቻ ካፈነገጠ መነሻው፣ ብርሃኑ ላይ ካፈነገጠ ተዳፋቱ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሲመለስም ጥንቃቄ አለ። ቀመሩን ዝም ብሎ ወደ ኋላ መፍታት፣ ማለትም በ2 አካፍሎ ስኩዌር አድርጎ 0.375ንና 9ን ቀንሶ በ5 ማባዛት፣ ጥላውን በመጠኑ ያጠቁረዋል፤ የስኩዌር ሩት አማካይ ከአማካይ ስኩዌር ሩት ያንሳልና። በ0.375 ፈንታ 0.125 ሲቀነስ ስህተቱ ለእኛ የብርሃን መጠን የሚበቃ ያህል ይስተካከላል።

ቀን 5፦ ከዲሞዛይክ በፊት ወይስ በኋላ

ይህ ውሳኔ ከማጣሪያ ምርጫው ይበልጣል። ማጣሪያዎቹ የአንዱ ፒክስል ኖይዝ ከጎረቤቱ ጋር ዝምድና የለውም ብለው ያምናሉ። ሮው ላይ እውነት ነው። በቀላሉ ዲሞዛይክ ላይ የቀዩን ቻናል አንድ ረድፍ እንይ፦ አንዱ ፒክስል የተለካ ነው፣ ቀጣዩ የግራና የቀኙ አማካይ፣ ከዚያ የተለካ። የመሐለኛው ሲግማ 0.71 እጥፍ ነው፣ ከእያንዳንዱ ወላጁ ጋር ያለው ኮሪሌሽንም (የዝምድናው መጠን) 0.71። ማለትም ደቃቁ ኖይዝ ተድበልብሎ ትልልቅ ባለቀለም ነጠብጣብ ሆኗል። ከጎረቤት ፒክስሎች ልዩነት ሲግማን የሚገምት መሣሪያ ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይሰጣል፤ ማጣሪያውም ነጠብጣቡን የጨርቁ ገጽታ ነው ብሎ ይተወዋል።

ስለዚህ ሞዛይኩ ወደ አራት ግማሽ መጠን ምስሎች ተከፈለ፦ ቀይ፣ አረንጓዴ አንድ፣ አረንጓዴ ሁለት፣ ሰማያዊ። ከዚያ አራቱ ተደምረው ለ2 ተካፍለው የብርሃን ቻናል ሆኑ። የቀይና የሰማያዊ ልዩነት ለ1.414፣ የሁለቱ አረንጓዴ ልዩነት ለ1.414፣ ከቀይና ከሰማያዊ ድምር ላይ የሁለቱ አረንጓዴ ድምር ተቀንሶ ለ2 ደግሞ ሦስቱ ቀሪ ቻናሎች ናቸው። በእነዚህ አካፋዮች የእያንዳንዱ ሲግማ 1 ሆኖ ይቀራል። ዝርዝሩ ግን በአብዛኛው የብርሃኑ ቻናል ላይ ይከማቻል፤ ጥቅሙ እዚያ ነው።

በመጀመሪያው ሙከራ ሦስቱ ቀሪ ቻናሎች በኃይል ተጠረጉ፤ ዓይን ቀለም ላይ ደቃቅ ነገር ስለማያይ ችግር የለውም ከሚል ሐሳብ ነው። ዲሞዛይክ ሲደረግ የገጹ ፊደላት ጫፍ መሰላል መሰለ፤ አግድም የሚሮጡት ጭረቶች እንደ ዚፕ ጥርስ ተቆራረጡ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። አራቱ ምስሎች አንድ ፒክስል ጎን ለጎን የተፈናቀሉ ናቸው። የሁለቱ አረንጓዴ ልዩነት ውስጥ ያለው ቀለም ሳይሆን በዚያች አንድ ፒክስል መካከል ያለው ዝርዝር ነው። እሱን መጥረግ የምስሉን ግማሽ ጥራት መጣል ነው። ከዚያ ወዲህ አራቱም ቻናሎች በሮው ላይ እኩል በለዘብታ ይጣራሉ፤ የቀለም ጠረጋው ከዲሞዛይክ በኋላ ለብቻው ይመጣል።

ቀን 6 እና 7፦ የብርሃን ቻናል

ባይላተራል ማጣሪያ ተሞከረ፤ በ1998 ቶማሲና ማንዱቺ ያቀረቡት ነው። የጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ ይወስዳል፣ ነገር ግን በብርሃን የሚለዩትን ክብደት ይቀንስባቸዋል። ጠርዝ ላይ ሥራው ያምራል። ሽመና ላይ ግን ይወድቃል፤ ለምን እንደሆነ በቁጥር እናያለን። ሲግማው 10 ነው እንበል፣ የብርሃን ወሰኑም እንደተለመደው እጥፉ፣ 20። በ60 የሚለይ ጎረቤት ክብደቱ 0.011 ነው፤ ጠርዙ ተረፈ። በ15 የሚለየው የሽመናው ክር ግን 0.75 ክብደት ያገኛል፣ ማለትም ከራሱ እንደ አንዱ ተቆጥሮ ይደባለቃል። ነጠላ ፒክስልን ከነጠላ ፒክስል የሚያወዳድር ዘዴ ከዚህ ማምለጥ አይችልም፤ 15 የሚያህል ልዩነት ከኖይዝም ይመጣልና።

ቡአዴስ፣ ኮልና ሞሬል በ2005 ያቀረቡት ነን ሎካል ሚንስ የሚያወዳድረው ቁራጭን ከቁራጭ ነው። 7 በ7 ቁራጭ እንውሰድ፣ 49 ፒክስል። ከኖይዙ በስተቀር ይዘታቸው አንድ የሆነ ሁለት ቁራጮች የካሬ ልዩነታቸው አማካይ የሲግማ ካሬ እጥፍ ነው፣ እዚህ 200፤ በአጋጣሚ የሚዋዥቀውም ወደ 40 ገደማ። ክሩ ተቃራኒ ላይ የወደቀ ቁራጭ በየፒክስሉ 15 ስለሚለይ 225 ይጨምራል፣ 425 ይሆናል። ከ200ው በ40 ሲለካ ከአምስት ተኩል እርምጃ በላይ ራቀ። ነጠላ ፒክስል ላይ የማይለየው ክር ቁራጭ ላይ በማያሻማ ሁኔታ ተለየ። ሽመና ራሱን ስለሚደግም ደግሞ በ21 በ21 መፈለጊያ መስኮት ውስጥ ተመሳሳይ ቁራጭ አይጠፋም። ጸጉሩ ግን ያን ያህል አይደግምም፣ ትንሽ ይጎዳል።

አሠራሩ፦ ክብደቱ የሚሰላው በብርሃን ቻናሉ ላይ ብቻ ነው፣ ያው ክብደት ለአራቱም ቻናል ይሰጣል። እያንዳንዱ ቻናል ለብቻው ክብደት ቢያወጣ ጠርዞቹ ቦታ ስለሚለያዩ የፊደሉ ዳር ባለቀለም ጥላ ያወጣል። ከቁራጭ ልዩነቱ የሲግማ ካሬ እጥፍ ይቀነሳል፣ ከዜሮ በታች ከሆነ ዜሮ ይባላል። የመሐል ፒክስሉ ከራሱ ጋር ሲወዳደር ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ሁሌ ሙሉ ክብደት ያገኛል፤ ተመሳሳይ በሌለበት ቦታ ራሱን ብቻ ይዞ ይቀራል፣ ጸጉር ዳር የሚታየው ያልጠራ ጠርዝ ከዚህ ነው። ለመሐሉ ከጎረቤቶቹ ትልቁን ክብደት መስጠት በመጠኑ ይረዳል።

ስሌቱ ይከብዳል። 6 ሚሊዮን ፒክስል፣ 441 ቦታ፣ 49 ንጽጽር፣ ወደ 130 ቢሊዮን ይጠጋል። ለእያንዳንዱ የመስኮት ሽግሽግ የመላውን ምስል ልዩነት አንዴ አስልቶ ተንከባላይ ድምር መያዝ 49ኙን እጥፍ ያስቀራል።

ቀን 8፦ ምን ተነሣ?

የጠራውን ፎቶ አይቶ መፍረድ ያታልላል፤ ልስልስ ያለ ነገር ለዓይን ደስ ይላል። እኛ የምንፈርደው በተነሣው ነው፦ ከመጀመሪያው ላይ የጠራውን መቀነስ፣ በ4 ማባዛት፣ ግራጫ ላይ ማስቀመጥ። የተነሣው ኖይዝ ብቻ ከሆነ ምንም ቅርጽ አይታይበትም።

የማጣሪያው ጉልበት (ቁራጮች በተለያዩ መጠን ክብደታቸው ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወርድ የሚወስነው ቁጥር) 0.8 ሲግማ በነበረበት ሙከራ የልዩነቱ ምስል ላይ የገጹ ፊደላት ይነበቡ ነበር። ከመስመሩ አናት ያለው ቃል ሳይቀር ተነበበ። የጠራው ፎቶ ላይ ግን ፊደሉ ደኅና ይመስል ነበር፤ ከጎን ሳይወዳደር ማንም አይነቃበትም። ወደ 0.6 ሲወርድ ፊደሉ ወደ ጭረት ተበተነ፣ በ0.45 ጠፋ። ጸጉሩ በ0.45ም ቢሆን ጭላንጭሉ ይታያል። 0.45 ላይ ቆመ።

የቁጥር ማረጋገጫም አለ። ኖይዙ 1 ስለሆነ የተነሣው ስታንዳርድ ዴቪየሽን ከ1 መብለጥ የለበትም። ሽመናው ላይ 1.15 ቢሆን ትርፉ ከ1.15 ካሬ ላይ 1 ተቀንሶ ስኩዌር ሩቱ ነው፣ 0.57። ያ ሁሉ ጨርቅ ነው የተነሣው።

ፒኤስኤንአርም (ፎቶው ከማመሳከሪያው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ በዴሲቤል የሚናገር ቁጥር) ተሰላ፣ ግን በየቦታው። በመላው ፎቶ ሲሰላ ብዙውን ስፋት የያዘው ወረቀትና ጥግ ስለሆነ ሽመናው እየሞተ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ማመሳከሪያውም ንጹሕ አይደለም፦ በ255 መለኪያ ሲግማው 10 የሆነ ፍሬም 28.1 ዴሲቤል ነው፣ የ16ቱ አማካይ ሲግማ 2.5 ስለሆነ እሱ ራሱ 40.2 ላይ ነው። ወደ 40 በተጠጋን መጠን የምንለካው የማመሳከሪያውን ኖይዝ ነው።

ቀን 9፦ የቀለም ነጠብጣብ

ከዲሞዛይክና ከዋይት ባላንስ በኋላ ጥጉ ላይ ከ10 እስከ 30 ፒክስል የሚሰፉ ቀይና ሰማያዊ ደመናዎች ቀርተዋል። ትንሽ መስኮት አይደርስባቸውም። ምስሉ ወደ ብርሃንና ቀለም ተለየ፣ የቀለሙ ሁለት ቻናሎች በየጎናቸው ወደ ሩብ ወረዱ፣ እዚያው ተጠረጉ፣ ከዚያ በጋይድድ ፊልተር (የሌላ ምስል ጠርዝ እየተከተለ በሚያለሰልስ ማጣሪያ) ወደ ሙሉ መጠን ተመለሱ፤ መሪው የብርሃን ቻናሉ ነው። ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ኤፕሲሎኑ (የማጣሪያው የጠርዝ ወሰን) 0.0004፣ የ0.02 ካሬ፣ ነው፤ ማለትም ከ0.02 በታች የሆነ የብርሃን ለውጥ እንደ ጠርዝ አይቆጠርም። መሪው የጠራው ብርሃን መሆን አለበት። ያልጠራው ከተሰጠ የብርሃኑ ኖይዝ ቀለሙ ላይ ይታተማል።

ስፌቱ ላይ ግን ፈሰሰ። ቀዩና አረንጓዴው በብርሃን እኩል ስለሆኑ መሪው ጠርዝ አላየም፤ ቀዩ ወደ አረንጓዴው 5 ፒክስል ያህል ገባ። መሪውን ሦስት ቻናል ማድረግ፣ ማለትም በትንሹ የተጣራውን ቀለም ከብርሃኑ ጋር መጨመር፣ ፍሳሹን ወደ 2 ፒክስል አወረደው።

ቀን 10፦ መልሶ መጨመርና ማስቀመጥ

ከመጀመሪያው ብርሃን 20 በመቶ ተመልሶ ተጨመረ፤ ቀለሙ ላይ ምንም። በዚህም ለስላሳ ቦታ ላይ ከኖይዙ አንድ አምስተኛው ይቀራል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ፍጹም የጠራ የብርሃን ሽግግር ወደ 8 ቢት ሲወርድ መደዳ መደዳ እየሆነ ይሰነጠቃል፤ ጥቂት ኖይዝ ደረጃዎቹን ያዋህዳል። ፕላስቲክ የመሰለ ቆዳና ግድግዳ የሚመጣውም ይህን ከመዝለል ነው።

ጠርዙን ስል ማድረጉ፣ ማለትም ሻርፕ ማድረጉ፣ በመጨረሻ ብቻ፦ ራዲየስ 0.8፣ ጠርዝ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ እንዲሠራ በማስክ። ዋናው ቅጂ ባለ 16 ቢት ቲፍ። ለማጋራት ጄፔግ ሲወጣ 4:4:4 (ቀለሙን በሙሉ መጠን የሚይዘው) ይመረጣል፤ 4:2:0 ቀለሙን በሁለቱም አቅጣጫ በግማሽ ስለሚቀንሰው ስፌቱ ላይ የተደከመበትን ያበላሸዋል።

ሮው የሌለው፣ ጄፔግ ብቻ በእጁ ያለ ሰው ከቀን 2 እስከ 5 ያለውን መከተል አይችልም፤ ጋማውም (የብርሃን ቁጥሩን ለማሳያ የሚያጎብጠው ለውጥ) ዲሞዛይኩም የካሜራው ማለስለሻም አልፏል። ለእሱ በኦፕን ሲቪ (ነጻ የምስል ማቀነባበሪያ ሶፍትዌር) ውስጥ ያለው ባለቀለም ነን ሎካል ሚንስ ይሻለዋል፤ ምስሉን ወደ ላብ (ብርሃንና ቀለም ተለይተው ወደሚቀመጡበት የቀለም ሥርዓት) ለውጦ ብርሃኑንና ቀለሙን ለየብቻ ያጣራል። ቁራጭ 7፣ መስኮት 21፣ ጉልበት ለብርሃን 3፣ ለቀለም 10 ጥሩ መነሻ ነው። የልዩነቱን ምስል ማየት እዚያም አይቀርም፤ 8 በ8 የሆኑ የጄፔግ ብሎኮች ከታዩበት የብርሃኑን ቁጥር ከፍ ማድረግ አያዋጣም፣ ማጣሪያው የብሎኩን ድንበር ጠርዝ ነው ብሎ ይጠብቀዋል።

የቀረ ሥራ፦ ስፌቱ ላይ ያለው የ2 ፒክስል ፍሳሽ። ቀጣዩ ሙከራ የቀለም ጠረጋውን ወደ ሩብ ሳይሆን ወደ ግማሽ መጠን አውርዶ መሥራት ነው፤ ደመናው በዚያ መጠን ይነሣ እንደሆነ ጥጉ ላይ ይታያል።